የወል ግጦሽ ደንብ ያቆያቸው የሼትላንድ ድንክ ፈረሶችና የጡጦ በጎች

ከስኮትላንድ የብስ በስተሰሜን 170 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስና በሰሜን ባሕር መካከል የሚገኙት የሼትላንድ ደሴቶች ለእርሻ ሥራ የሚመቹ አይደሉም። አፈሩ ስስና ውሃ ያቆረ፣ ነፋሱ ጨው ያዘለ፣ ዛፉም እጅግ ጥቂት ነው። ደሴቶቹ የሚገኙት በ60 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ በመሆኑ በታኅሣሥ አጋማሽ የቀኑ ብርሃን ከ6 ሰዓት አይበልጥም። በሰኔ አጋማሽ ግን 19 ሰዓት ያህል ይዘልቃል።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ሰው በሚኖርባቸው 16 ያህል ደሴቶች ላይ ከሚገኙት 23 ሺህ የሚጠጉ ነዋሪዎች መካከል ብዙ ቤተሰቦች እስከ ዛሬ በግ ያረባሉ። ጥቂት የማይባሉትም ቁመታቸው ከሰው ወገብ እምብዛም የማያልፍ ድንክ ፈረሶችን ይይዛሉ። እንስሳቱ በዚህ መሬት ላይ ጠፍተው ያልቀሩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ቤተሰቡ በየዕለቱ የሚያደርገው ክብካቤ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጎረቤታሞች በጋራ በሚያሰማሩበት መስክ ላይ ማን ስንት እንስሳ እንደሚያሰማራ የሚወስን ደንብ መኖሩ ነው። ከሁለቱ አንዱ በጎደለባቸው ጊዜያት የደረሰው ጉዳት፣ የወል ግጦሽ ለሚያስተዳድሩ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ትምህርት የሚሰጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይዞታውና የወል መስኩ

የሼትላንድ አነስተኛ ገበሬ በአገሩ አጠራር «ክሮፍተር» ይባላል። ክሮፍተሩ ከቤቱ አጠገብ በድንጋይ ካብ ወይም በሽቦ የታጠረ ጥቂት ሄክታር መሬት አለው። በዚህ መሬት ላይ ለድርቆሽ የሚሆን ሣር፣ ድንችና ለከብት መኖ የሚውል ሥራ ሥር ያበቅላል። ከአጥሩ ባሻገር ያለው ኮረብታ ደግሞ «ስካታልድ» ይባላል፤ የጎረቤታሞቹ የወል ግጦሽ ነው። ስሙ ደሴቶቹ በ1469 ለስኮትላንድ ንጉሥ በመያዣነት ከመሰጠታቸው በፊት፣ በኖርዌይ ነገሥታት ሥር ከነበሩበት ዘመን የወረደ ነው። በጎቹና ድንክ ፈረሶቹ የዓመቱን ብዙ ጊዜ የሚያሳልፉት በዚሁ ኮረብታ ላይ ነው። የቤት ማገዶ የሆነውም «ፒት» የሚባለው ከረግረግ እየተቆረጠ የሚደርቅ አፈር የሚወጣው ከዚያው ነው።

መሬቱ ዛሬ ያለውን ዋስትና ያገኘው በቀላሉ አይደለም። በ19ኛው ምዕት ዓመት የደሴቶቹ ገበሬ የባለርስት ጭሰኛ ነበር። ቤቱን የሠራው፣ ካቡን የካበው፣ ረግረጉን ያጠነፈፈው ራሱ ቢሆንም ባለርስቱ ሲፈልግ ሊያስለቅቀው ይችላል። የበግ ንግድ ሲደራ በፌትላር ደሴትና በሌሎችም ስፍራዎች ባለርስቶች ገበሬዎችን እያፈናቀሉ መሬቱን ሰፋፊ የበግ እርባታ አደረጉት። አንዳንዶቹም የወል ግጦሹን አጥረው ወሰዱት። ገበሬው ያን ጊዜ የተረዳው አንድ ነገር፣ ኮረብታው ከሌለ ደጁ ያለው ቁራሽ መሬት ብቻውን ቤተሰብ እንደማያኖር ነው።

በ1883 የብሪታንያ መንግሥት ያቋቋመውና በሎርድ ኔፒየር የተመራው መርማሪ ጉባኤ ወደ ሼትላንድ ሄዶ የገበሬዎቹን ቃል ሰማ። በ1886 የወጣው ሕግም ለክሮፍተሮቹ በይዞታቸው የመቆየት፣ ኪራያቸው በገለልተኛ ዳኛ የመወሰን፣ ይዞታቸውን ለቤተሰብ የማውረስና ላለሙት ካሣ የማግኘት መብት ሰጣቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1891 የወል ግጦሽ አስተዳደርን የሚመለከት ሕግ ተጨመረ። በ1976 ደግሞ ክሮፍተሩ ከፈለገ የሚያርሰውን መሬት የዓመት ኪራዩን 15 እጥፍ ከፍሎ እንዲገዛ ተፈቀደለት።

የክረምት ወራት የዕለት ሥራ

በደሴቶቹ ከባዱ ወቅት ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ነው። የክሮፍተሩ ቤተሰብ የዕለት ሥራ የሚጀመረው ጎሕ ሳይቀድ በባትሪ ብርሃን ነው። አብዛኛው ቤተሰብ ሌላም ሥራ ስላለው፣ አንዱ ወደ ዓሣ ማስገሪያ፣ ሌላው ወደ ቢሮ ወይም ወደ ሱለም ቮ የነዳጅ ማራገፊያ ወደብ ከመሄዱ በፊት እንስሳቱ መጎብኘት አለባቸው። ማታም ከሥራ ሲመለሱ መሽቷልና ሁለተኛው ዙር እንዲሁ በባትሪ ይፈጸማል።

በቅድሚያ የሚታየው ውሃ ነው። ገንዳው በረዶ ከሠራ ይሰበራል። ቀጥሎ ድርቆሽ ወይም ታሽጎ የተብላላ ሣር ነፋሱ እንዳይበትነው በካብ ጥግ ይቀርባል። ድርቆሹን በአንድ ቦታ መከመር ግን ስሕተት ነው። በፈረሶች ዘንድ አለቃና ጭፍራ ስላለ ብርቱዋ ባዝራ ክምሩን ይዛ ደካማዋን ታባርራለች። ስለዚህ ልምድ ያለው አርቢ ድርቆሹን ከፈረሶቹ ቁጥር በአንድ በሚበልጥ ቦታ ከፋፍሎ ያስቀምጣል፤ የተባረረችው ሁልጊዜ የምትሄድበት ሌላ ክምር ታገኛለች።

ድንክ ፈረሱ በክረምት ጋጣ አይፈልግም። ፀጉሩ ሁለት ድርብ ነው። ከሥር ያለው ለስላሳውና ጥቅጥቅ ያለው ሙቀት ሲይዝ፣ ከላይ ያለው ረጅሙና ሸካራው ዝናቡን እየመራ ያወርደዋል። ወፍራም ጋማውና ጅራቱም ይከልሉታል። ዶፍና ነፋስ ሲበረታበት ጀርባውን ወደ ነፋሱ ሰጥቶ ከካብ ጥግ ይቆማል። አርቢው የሚያስፈልገው መጠለያ ካብ እንዳይፈርስ መጠበቅ ነው።

ይህ ወፍራም ፀጉር ግን አንድ ችግር አለው፤ ክሳትን ይደብቃል። ከሩቅ ሲያዩት የተንደላቀቀ የሚመስል ፈረስ ከፀጉሩ ሥር አጥንቱ የወጣ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም በዓይን መመልከት ብቻውን አይበቃም። አርቢው እጁን ከፀጉሩ ውስጥ አስገብቶ የጎድኑን አጥንት፣ የጀርባውንና የዳሌውን ሥጋ ይዳብሳል። ጎድኑ በቀላል ዳሰሳ የሚቆጠር ሆኖ ከላዩ ስስ ሥጋ ካለው ደህና ነው። ስለታም ሆኖ ከተገኘ መኖ ይጨመርለታል፤ ጥርሱና ሆዱም ይመረመራል።

በጎቹ በበኩላቸው ኮረብታውን ከአርቢው አብልጠው ያውቁታል። እናቲቱ የተሰማራችበትን ስፍራ ልጇ ተምራ እዚያው ስለምትቀር፣ አጥር በሌለበት ኮረብታ መንጋው ከአካባቢው እምብዛም አይርቅም። ሣሩ በሚያልቅበት ወቅት ባሕሩ ሲሸሽ ወደ ዳርቻ ወርደው የባሕር አረም ይበላሉ፤ ውሃው ሲመለስ ወደ ኮረብታው ይወጣሉ። በደሴቶቹ ቀበሮ የለም። ሆኖም ቁራና ትላልቅ የባሕር አሞሮች አዲስ የተወለደ ግልገል ስለሚያጠቁ፣ በመውለጃ ወቅት ጉብኝቱ በቀን ከሁለት ጊዜ በላይ ይሆናል።

ለድንክ ፈረስ ጥጋብም ጠላት ነው

ብዙ ሰው ለእንስሳ ደግ የሆነው መኖ ያበዛው ይመስለዋል። ለሼትላንድ ድንክ ፈረስ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ዘሩ ለብዙ መቶ ዓመታት በጠንካራ የኮረብታ ሣርና በቁጥቋጦ ሲኖር የተለማመደ በመሆኑ፣ በማዳበሪያ የለማ ለምለም ሣር ላይ ሲለቀቅ «ላሚናይተስ» የሚባለው የሰኮና ውስጥ ብግነት ይይዘዋል። ሰኮናው ይግላል፣ ፈረሱ የፊት እግሮቹን ወደፊት ዘርግቶ ክብደቱን ወደኋላ ይጥላል፣ መራመድ ይሳነዋል። በሽታው ሲብስ በሰኮናው ውስጥ ያለው አጥንት ከቦታው ይለቅቃል፤ እንስሳውም ላይድን ይችላል።

በመሆኑም በግንቦትና በሰኔ ሣሩ ሲለመልም፣ ከቤት አጠገብ ባለው የለማ መስክ ላይ ፈረሶቹ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ይለቀቃሉ፤ አለዚያም ወደ ኮረብታው ይመለሳሉ። በዚህ ጊዜ የኮረብታው ግጦሽ የሣር ምንጭ ብቻ ሳይሆን መድኃኒትም ነው።

የወፈረን ድንክ ፈረስ በአንድ ጊዜ ማስራብም አደገኛ ነው። በተለይ ያረገዘች ወይም የምታጠባ ወፍራም ባዝራ በድንገት ብትራብ የሰውነቷ ጮማ ወደ ደሟ በብዛት ይለቀቅና ጉበቷን ያውካል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ ማክሳት የሚደረገው ቀስ በቀስ ነው። ሰኮናም በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ ይከረከማል። ድንጋያማ ኮረብታ ሰኮናውን ራሱ ሲሞርደው፣ ለስላሳ መስክ ላይ የሚውል ግን እንደ ጫማ አፍንጫ ይጠመዘዛል።

ፈረስና በግን በአንድ መስክ ማሰማራት ጥቅም አለው። ፈረስ ፋንድያ በጣለበት ዙሪያ ያለውን ሣር አይነካም፤ በጉ ይግጠዋል። አብዛኞቹ የፈረስ የሆድ ትላትሎች በበግ ሆድ ውስጥ፣ የበጉም በፈረስ ሆድ ውስጥ ስለማያድጉ አንዱ የሌላውን መስክ ያጸዳለታል። ይሁን እንጂ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የፈረስ መኖ ለበግ መስጠት ክልክል ነው። ለፈረስ ተብሎ በመኖው ውስጥ የሚጨመረው መዳብ በበግ ጉበት ውስጥ እየተጠራቀመ ይመርዘዋል። ምልክቱ ሳይታይ ወራት ሊያልፍ ይችላል፤ ከታየ በኋላ ግን ብዙውን ጊዜ ጊዜው አልፏል። ለማዳ በጎች ደግሞ ባልዲ ባዩበት ሁሉ አፋቸውን ስለሚያገቡ፣ የፈረሱ መኖ የሚቀመጥበት ዕቃ ክዳን ያለው እንዲሆን ይደረጋል።

የጡጦ ግልገሎች

በደሴቶቹ የበግ ወሊድ የሚበዛው ሣሩ በሚወጣበት በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት ነው። እናቷ የሞተችባት፣ መንታ ተወልዳ ወተት ያልደረሳት ወይም እናቷ የገፋቻት ግልገል ወደ ቤት ትገባለች። የአገሩ ሰው እንዲህ ያለችውን ግልገል «ካዲ» ይላታል። በሣጥን ውስጥ ድርቆሽ ተነጥፎላት በምድጃ አጠገብ ታድራለች። ጡጦ የማጥባቱ ሥራ በብዙ ቤት የልጆች ነው።

የግልገሏ ዕድል የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። እንገር ካላገኘች በሽታ የሚከላከል ኃይል አይኖራትም። ሦስት ኪሎ የምትመዝን ግልገል በተወለደች በሁለት ሰዓት ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በመጀመሪያው ቀንና ሌሊት ደግሞ በጠቅላላ 600 ሚሊ ሊትር ያህል እንገር ያስፈልጋታል። ጠንቃቃ አርቢ ወተት ከሞላት በግ ትርፉን አልቦ በበረዶ ያስቀምጣል፤ የበግ ከጠፋም የላም እንገር ይጠቀማል። እትብቷ በአዮዲን ይነከራል።

በብርድ የደነዘዘችን ግልገል ወዲያው ማጥባት ብዙ ጊዜ የሚፈጸም ስሕተት ነው። የጤነኛ ግልገል ሙቀት ከ39 እስከ 40 ዲግሪ ነው። ከ37 በታች ከወረደ መዋጥ ስለሚሳናት ወተቱ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ስለሆነም በቅድሚያ ደርቃ እንድትሞቅ ይደረጋል፤ ከዚያ ትጠባለች። ከተወለደች አምስት ሰዓት ካለፋት ደግሞ፣ ከማሞቁ በፊት ሥራውን የሚያውቅ ሰው የግሉኮስ መርፌ ሊሰጣት ይገባል።

ከጡጦ በፊት ግን ሌላ እናት መፈለግ ይቀድማል። ግልገሏ የሞተችባት በግ ካለች፣ የሞተችው ግልገል ቆዳ ተገፎ ለሙት ልጇ እንደ ልብስ ይጠለቅላታል። በጓ የራሷን ልጅ ሽታ ስለምታገኝ ታጠባታለች፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ቆዳው ይወልቃል። ይህ ካልተሳካ ግልገሏ መጀመሪያ በቀን አራት ጊዜ፣ ቀጥሎ ሦስት ጊዜ በጡጦ ትጠባለች። ሣርና ደረቅ መኖ መብላት ከለመደች በስድስት ሳምንት ገደማ ጡት ትጥላለች።

የጡጦ በግ ለቤቱ የምትሰጠው አገልግሎት አለ። ሰው ስለማትፈራ ባልዲ ስታይ ትመጣለች፤ ኮረብታ ያደገውም መንጋ እሷን ተከትሎ ይመጣል። ውሻ ደክሞ የሚሰበስበውን መንጋ አንዲት ለማዳ በግ ወደ በረት ታስገባዋለች። የተባዕቱ ጉዳይ ግን የተለየ ነው። በጡጦ ያደገ ተባዕት ግልገል አድጎ አውራ ሲሆን ሰውን እንደ ባላንጣ በግ ቆጥሮ ይወጋል። ከዱር መንጋ የመጣ አውራ ከሰው ሲሸሽ፣ ይሄኛው አይሸሽም። ልጆች ስላሳደጉት አዝነው ሳያኮላሹ ያቆዩት አውራ፣ በሁለተኛው ዓመት ያንኑ ልጅ ሊሰብር ይችላል። ስለዚህ ተባዕት የጡጦ ግልገል በጊዜ ይኮላሻል።

ሱፍ የሚነጨው በደቦ ነው

የሼትላንድ በግ ትንሽ፣ ጅራተ አጭርና ጥሩ ሱፍ ያለው ነው። የበጎቹ መሠረታዊ ቀለማት 11፣ የዝንጉርጉርነታቸውም ዓይነት 30 ሲሆን ለእያንዳንዱ በአገሩ ቋንቋ የተለየ ስም አለው። ከዚህ ሀብት የሚሠራው ሹራብ ለብዙ ዘመን የሴቶቹ ሥራና የቤቱ የገንዘብ ምንጭ ሆኖ ኖሯል። የቀድሞ ዘመን ሴቶች ፒት በጀርባቸው ተሸክመው ሲሄዱ እንኳ እጃቸው ሹራብ ይሠራ ነበር።

በሰኔና በሐምሌ ጎረቤታሞች በአንድነት ወጥተው ኮረብታውን በሰልፍ እየጠረጉ በጎቹን ወደ ድንጋይ በረት ይነዳሉ። እያንዳንዱ በግ በጆሮ ብጡ ተለይቶ ለባለቤቱ ይደርሳል። በዚህ ወቅት ያረጀው ፀጉር በራሱ ከአዲሱ ስለሚላቀቅ፣ የጥንቱ ልማድ ያለ መቀስ በእጅ መንጨት ነበር። እንዲህ የተነጨ ሱፍ ጫፉ ያልተቆረጠ ስለሆነ ልስላሴው ይበልጣል። ዛሬ አብዛኛው በግ ይሸለታል። በደቦ የመንዳቱ ነገር ግን አልቀረም፤ አጥር የሌለውን ኮረብታ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሊያስሰው አይችልም።

ከዋናው ደሴት በስተምዕራብ ባሕሩ ውስጥ ለብቻዋ የምትገኘው ፉላ የዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። በደሴቲቱ የሚኖሩት ከ40 የማይበልጡ ሰዎች ሲሆኑ፣ ለበግ ሥራ የሁሉም እጅ ያስፈልጋል። ፉላ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ በማይሆን ሌላ ነገርም ትታወቃለች። ነዋሪዎቿ የቀድሞውን የዩልየስ አቆጣጠር ልማድ ስላልተዉ ገናን የሚያከብሩት በአውሮፓውያኑ ጃንዋሪ 6 ቀን ነው፤ ይኸውም ከኢትዮጵያ ገና በአንድ ቀን ብቻ ይቀድማል።

ምርጡ ሲሸጥ ዘሩ ተበላሸ

ድንክ ፈረሱ በደሴቶቹ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ እንደኖረ ይታመናል። ቁመቱ ከ107 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥም ከቁመቱ አንጻር ሲታይ እጅግ ብርቱ ነው። መንገድ ባልነበረበት ዘመን «ክሊበር» የሚባል የእንጨት ኮርቻ ተጭኖበት፣ በግራና በቀኝ ከሣር በተሠራ ቅርጫት ፒት ከኮረብታ ወደ ቤት ያወርድ ነበር።

በ1842 የወጣ የብሪታንያ ሕግ ሴቶችና ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ልጆች በከርሰ ምድር የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ እንዳይሠሩ ከለከለ። ሕጉ ለሕፃናቱ ታላቅ እፎይታ ነበር። የማዕድን ባለቤቶች ግን ዝቅተኛ በሆነው ዋሻ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ጋሪ የሚስብ ሌላ ጉልበት ስለፈለጉ ዓይናቸውን በሼትላንድ ድንክ ፈረሶች ላይ ጣሉ። ለጉድጓድ የሚፈለገው ወንዱ ነበርና ነጋዴዎች ብርቱ ብርቱውን ወንድ እየመረጡ ገዙ። ገበሬውም ኪራይ የሚከፍልበት ገንዘብ ቸግሮት ስለነበር ሸጠ።

ውጤቱ ብዙ ሳይቆይ ታየ። ምርጡ ድንጉላ ከደሴቱ ሲወጣ በወል ግጦሹ ላይ ባዝራዎቹን የሚያስረግዘው ገዢ ያጣው ደካማው ሆነ። በየዓመቱ የሚወለደው ውርንጭላ ከቀዳሚው እያነሰ ሄደ። በ1870ዎቹ የሎንዶንደሪ ማርኩዊስ በእንግሊዝ አገር በደረም ላሉት ማዕድኖቹ የሚሆኑ ፈረሶችን ለማስገኘት በብረሴና በኖስ ደሴቶች ላይ ምርጥ ድንጉሎችን ሰብስቦ አረባ። የዛሬው ጥሩ ዘር ብዙው ከዚያ የወረደ ነው። በኖስ ያለው የድንጋይ በረትም እስከ ዛሬ ቆሟል። ይሁንና ይህ የአንድ ባለጸጋ ሥራ ስለነበር በምዕት ዓመቱ መጨረሻ ርቢው ሲዘጋ ፈረሶቹ ተሸጡ። የገበሬው የወል ግጦሽ ችግር ባለበት ቀረ።

በ1890 የድንክ ፈረሱን የዘር ሐረግ የሚመዘግብ ማኅበር ተቋቋመ። ለወል ግጦሹ መፍትሔ የተገኘው ግን በ1956 ነው። ማኅበሩ ከመንግሥት የእርሻ መሥሪያ ቤት ድጋፍ አግኝቶ፣ ተመርምረው የተመረጡ ድንጉሎች በየስካታልዱ ከባዝራዎች ጋር እንዲሰማሩ የሚያደርግ ዕቅድ ጀመረ። ብቻውን ምርጥ ድንጉላ ገዝቶ ማኖር የማይችለው ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ባዝራ ገበሬ በዚህ መንገድ ተጠቀመ። ዕቅዱ ውጤት የሚሰጠው ግን ያልተመረጡት ወንዶች ከግጦሹ ሲነሱ ብቻ ነው። አንድ ጎረቤት አዝኖ የተዋት አንዲት ደካማ ወንድ ውርንጭላ የሁሉንም ድካም ከንቱ ልታደርግ ትችላለች።

ስንት እንስሳ፣ የማን?

የወል ግጦሹን የሚያስተዳድረው ባለድርሻዎቹ ራሳቸው የሚመርጡት ኮሚቴ ነው። የኮሚቴው የሥራ ዘመን ሦስት ዓመት ሲሆን ጸሐፊ አለው። ኮሚቴው አጥር ያስጠግናል፣ ለሥራው የሚያስፈልገውን ወጪ ከባለድርሻዎች ይሰበስባል፣ ደንቡ መከበሩን ይከታተላል። ደንቡ የሚጸድቀው በመንግሥታዊው የክሮፍቲንግ ኮሚሽን ነው።

የደንቡ ዋና ነገር እያንዳንዱ ባለድርሻ የሚያሰማራው እንስሳ ቁጥር ነው። እንስሳት ሁሉ እኩል ስለማይግጡ በአንድ መለኪያ ይሰላሉ። በአንዳንድ ስፍራ አንዲት ላም በአምስት በግ ልክ ትቆጠራለች፤ ፈረስ ከላም ይበልጣል። ስለዚህ ተጨማሪ ድንክ ፈረስ የፈለገ ገበሬ በግ መቀነስ ይኖርበታል። ምርጫው የራሱ ነው፤ ድምሩ ግን ከድርሻው አይዘልም።

ይህ ደንብ የተፈተነበት ጊዜ አለ። ብሪታንያ በ1973 የአውሮፓን የጋራ ገበያ ከተቀላቀለች በኋላ ለአርቢዎች የሚሰጠው ድጎማ በበግ ቁጥር የሚሰላ ሆነ። በግ ያበዛ ብዙ ተከፈለው። በዚህ ምክንያት እስከ 1990ዎቹ ድረስ በኮረብታው ላይ የበጎች ቁጥር በዛ። ሣሩ ተጋጠ፣ የረግረጉ አፈር በየቦታው ተራቁቶ በነፋስና በጎርፍ ተሸረሸረ። ፒት ለመከማቸት በሺህ የሚቆጠር ዓመት የሚወስድ አፈር ስለሆነ ከሄደ በአንድ ሰው ዕድሜ አይመለስም። ከ2005 ጀምሮ ክፍያው ከበግ ቁጥር ጋር መያያዙ ሲቀር የበጎቹ ቁጥርም ቀነሰ። ኮሚቴ ያላቸውና ደንባቸውን አጥብቀው የያዙ ስካታልዶች ለዚህ ዓይነቱ ግፊት የመቋቋሚያ ኃይል አላቸው። ደንቡ በወረቀት ብቻ ከቀረ ግን ኮረብታውን የሚያስተዳድረው ገንዘቡ ነው።

ሌላው አከራካሪ ጉዳይ የወል መስኩን መከፋፈል ነው። ሕጉ አንድ ባለድርሻ የድርሻውን ያህል ለይቶ ለማጠር እንዲያመለክት ይፈቅዳል፤ በሼትላንድም ብዙዎች እንዲህ አድርገዋል። የታጠረውን መሬት ማልማትና ዘር መለየት ይቀላል። በሌላ በኩል የሚቀረው የወል መሬት ይጠባል፣ በደቦ መንጋ የሚነዱት ሰዎች ቁጥር ያንሳል። ስለዚህ ማመልከቻው ሲቀርብ የሌሎቹ ባለድርሻዎች አስተያየት እንዲሰማ ይደረጋል።

ያልተቃለለው ችግር

ድንክ ፈረሱ ዛሬ ፒት አይጭንም፤ ማዕድን ቤትም አይገባም። በብሪታንያ የመጨረሻዎቹ የማዕድን ፈረሶች ከሥራ የወጡት በ1990ዎቹ ነው። አሁን ውርንጭላዎቹ በየመከሩ ወራት በዋና ከተማው በለርዊክ በሚደረገው ጨረታ ለልጆች መጋለቢያና ለዘር ይሸጣሉ። ዋጋቸው ግን ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል። እያንዳንዱ ፈረስ በሕግ የመታወቂያ ደብተርና ከቆዳው ሥር የሚቀበር መለያ እንዲኖረው ስለሚያስፈልግ፣ ዋጋው በሚወድቅበት ዓመት የሚገኘው ገንዘብ ወጪውን ላይሸፍን ይችላል። አስተዋይ አርቢዎች በእንዲህ ያለው ዓመት ባዝራቸውን ከድንጉላ ይለያሉ። ገዢና ግጦሽ የሌለው ውርንጭላ ማስወለድ ለእንስሳውም ሆነ ለመስኩ ሸክም ነውና።

የወጣቱም ጉዳይ አለ። ይዞታ በሕግ የተጠበቀ መሆኑ መልካም ቢሆንም፣ በእርጅና ወይም በርቀት ምክንያት ያልተሠራበት ይዞታ ሲበዛ መሬት የሚፈልግ ወጣት ቦታ ያጣል። በዚህ ምክንያት ሕጉ ባለይዞታው በይዞታው አቅራቢያ እንዲኖርና መሬቱን እንዲሠራበት ያስገድዳል። ይህን ማስፈጸም ግን በጎረቤታሞች መካከል ቅር የሚያሰኝ በመሆኑ ቀላል አልሆነም።

ከሼትላንድ አርቢዎች ልምድ የወል ግጦሽ ያለው ማኅበር ሊመረምራቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ይገኛሉ። በመስኩ ላይ የሚሰማራው እንስሳ ቁጥር ታውቋል ወይ? ፈረሱ፣ ላሙና በጉ በየመጠናቸው ተሰልተዋል ወይ? በመንጋው ውስጥ ዘር የሚተካው ወንድ የተመረጠው ነው ወይስ ገዢ ያጣው? ድርሻውን ያለፈ ሲገኝ፣ ዘመድም ቢሆን፣ የሚነግረው ኮሚቴ አለ ወይ? በደሴቶቹ ምርጡ ድንጉላ ተሽጦ ሲያልቅ፣ በኋላም በጉ ከልክ በላይ ሲበዛ፣ እያንዳንዱ ገበሬ ለየራሱ ትክክል የመሰለውን አድርጎ ነበር። የተጎዳው መስክ ግን የሁሉም ነበር፤ የተጠገነውም ሁሉም ተስማምተው ባወጡት ደንብ ነው።